ሚኒሞ ከፍ አለ ብለው ቫልቭ፣ ትሮትል፣ ኮምፒዩተር ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ሰላም ወገን፣ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ረጅም ናት፣ ግን የተበላሁትን ያህል አትረዝምም።

መኪናዬ የቆየች ናት፣ ኢንጀክሽን፣ ማንዋል ማርሽ፣ እድሜዋ ከአንዳንዶቻችሁ ይበልጣል። አንድ ቀን ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ ከፍ አለ። ጠዋት ስትነሳ ቢሆን አይገርመኝም፣ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን 1200፣ 1500 ድረስ ሄዶ እየሞቀ ሲመጣ ቀስ ብሎ መውረዱ ያለ ነገር ነው፣ የኔዋ ግን የሙቀት ጌጁ መሀል ደርሶም 1800 ላይ ተቸክላ ቀረች። ጤነኛ ሞተር ከሞቀ በኋላ በአብዛኛው ከ650 እስከ 900 ባለው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቆማ ትጮሃለች፣ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስረግጥ ዙሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ነዳጁንስ ተዉት። አውቶማቲክ ብትሆን ደግሞ ፍሬን ረግጣችሁም ወደ ፊት ትገፋችኋለች፣ እሱ ቀልድ አይደለም።

ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጽፍም፣ ይሄ ነገር የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ልጁ የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ማሽን ሰካ፣ ትንሽ አየና «ኮዱ የሚኒሞ ቫልቭ ነው የሚለው» አለኝ፣ ለሚኒሞ የምትገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ማለቱ ነው። ማሽን ካለ አለ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ኮዱን ያሳየኝ ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው፣ ፒ 0507። ቤቴ ገብቼ ትርጉሙን ሳይ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ሚኒሞ ከሚጠበቀው በላይ ሆኗል! እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ቫልቭ ቀይሩ የሚል ነገር የትም የለበትም። ስለዚህ «ማሽኑ ነው ያለው» ሲሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁና እዛው ፊታቸው ትርጉሙን ፈልጉ፣ አትፈሩ።

ቫልቩን ገዛሁ፣ ያገለገለ ግን ኦርጅናል ነው ተባልኩ። ገጠሙት፣ 1800። «የሞተሩ ኮምፒዩተር እስኪለምደው ነው፣ ሁለት ቀን ንዳት» አሉኝ። የሚያናድደው ይሄ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ብዙ መኪና ሚኒሞውን እንደ አዲስ ይማራል፣ ውሸቱ እውነት ላይ ስለተቀመጠ ነው እኔም የዋጥኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ «እንግዲያው ትሮትሉ ራሱ ተበልቷል» ተባለና ሙሉ ትሮትል ቦዲ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን በር ከነቤቱ፣ አስገዙኝ። የመጀመሪያውን ቫልቭ መልሱልኝ ስል የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም። የራሴን አሮጌ ዕቃ ስጡኝ ስል ደግሞ ተጥሏል።

በሶስተኛው ቀን ሄጄ ሳያት 900 ላይ ቁጭ ብላለች። ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ፣ አመሰገንኩም ጭምር።

ደስታው ሁለት ሳምንት አልሞላም። መጀመሪያ ነዳጅ ስረግጥ ፔዳሉ እንደመጣበቅ ይልና በአንዴ ተነቅሎ መኪናዋ ትወረወራለች፣ ከዛ ሚኒሞው እንደገና መውጣት ጀመረ፣ 1200፣ 1400፣ 1600። ደወልኩ። «አሁንማ ኮምፒዩተሩ ነው፣ እኛ ጋ አንድ አለ» አሉኝ። እዚህ ጋ ነው የነቃሁት፣ መንቃት ከተባለ።

ጎረቤቴ ያሉ ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ ያዳኑኝ። ጋሼ መኪናዋን አስነስተው እስክትሞቅ ዝም ብለው ጆሯቸውን ሰጧት፣ ከዛ «ይቺ ልጅ የሆነ ቦታ አየር ትሰርቃለች» አሉኝ። በቃ ነገሩ ይሄው ነው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ የአየሩ በር ይዘጋል፣ ለሚኒሞ የምትበቃ ትንሽ አየር ብቻ ናት የምትገባው። ዙሩ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈለገ አየር በአንድ ቦታ እየገባ ነው፣ ኮምፒዩተሩም አየሩን ሲያይ ነዳጅ ይጨምርለታል፣ ያው ስራውን እየሰራ ነው፣ ምን አጠፋ። ጥያቄው አየሩ በየት ገባ ነው፣ መልሱም መቶ ቦታ አይደለም፣ ወይ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ወይ የማኒፎልድ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ጋስኬት፣ ወይ የፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ስትረግጡ ጉልበት የሚያግዛችሁ)፣ ወይ በካርቦን ተይዞ ክፍት የቀረ የሚኒሞ ቫልቭ፣ ወይ ከፔዳሉ የሚመጣው የነዳጅ ገመድ ተወጥሮ በሩ አልዘጋ ብሎ።

ጋሼ ፒንሳ አምጥተው አፉን በጨርቅ ጠቀለሉና ወደ ማኒፎልድ የሚገቡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ማኒፎልዱ አጠገብ ቆንጠጥ ማድረግ ጀመሩ። የመጀመሪያው ምንም። የሰርቮው ምንም (እሱ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ የፍሬኑ ፔዳል መጠንከር ይጀምራል)። ሶስተኛውን ሲቆነጥጡት ሞተሩ ወዲያው ዙሩን ጣለ፣ እኔ ደግሞ ጮህኩ። ከሞተሩ ሆድ የዘይት ጭስ እየሳበ ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰው ነው፣ ፒ ሲ ቪ የሚሉት። ዘይት አርሶት ጎማው እንደ ማስቲካ ለስልሶ ከታች በኩል፣ ከላይ ሆናችሁ የማታዩት ቦታ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ስንዝር የማትሞላ ቱቦ! ዋጋዋን ባነሳው ራሴ ነው የማፍረው።

ግን አላለቀም። አዲሱን ቱቦ ስንገጥም መኪናዋ ጭራሽ መቆም አቃታት፣ 400 ወርዳ ጠፋች። ለካ እነዛ ልጆች ትሮትሉ ላይ ያለችውን፣ የአየሩ በር እስከየት እንደሚዘጋ የምትወስነውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ፈትተው አየሩን አንቀውታል። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ በሩን አጠበቡት፣ ቁጥሩ 900 ሆነ፣ ብሬን ወሰዱ። ፔዳሉ ይጣበቅ የነበረውም ለዚህ ነው፣ በሩ ግድግዳው ላይ እየተሰነቀረ። ያቺ ብሎን ፋብሪካ ላይ ተለክታ የተዘጋች ናት፣ ብዙ መኪና ላይ ቀለም ተቀብታ ታገኟታላችሁ፣ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሰው ነክቷታል ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍል) ያለው መኪና ላይ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ አዘግይተው ዙሩን ያወርዱታል፣ ያኔ ሚኒሞ ያምራል ዳገት ላይ ግን ጉልበት የለም። ጋሼ ብሎኗን መልሰው፣ የትሮትል ሴንሰሩንም አይተው፣ 750 ላይ ተቀመጠች። እስካሁን እዛው ናት።

እና እባካችሁ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን ያህል ራሳችሁ እዩ። ሞተሩ በደንብ ሞቋል ወይ፣ የእግር ምንጣፍ ፔዳሉን አልያዘም ወይ፣ የነዳጅ ገመዱ ትንሽ ላላ ብሏል ወይ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተር ውሃ ጎድሎ እንደሆነ እዩ፣ ትኩሱን እንዳትከፍቱት ያቃጥላችኋል። ውሃ ስል ምን አገናኘው እንዳትሉ፣ የሙቀት ሴንሰሩ ከተበላሸ ወይ ውሃ ጎድሎ አየር ላይ ከቀረ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ በአንዳንድ አሮጌ የጃፓን መኪና ደግሞ ሚኒሞውን የሚያወርደው ቫልቭ ራሱ የሚሰራው በሞተሩ ውሃ ሙቀት ነው። ካርቡራተር ያላችሁ ቾኩ (ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን አየር የሚያጠበው) ተይዞ እንዳልቀረ እዩ። ቱቦ መቆንጠጥ ፒንሳ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቺንጋና ከፋን አርቁ እንጂ። የካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ የሚፈትሹ አሉ፣ ይሰራል፣ ግን የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እኔ አልመክርም።

ጋራዥ ከገባችሁም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት «አየሩ በየት እንደሚገባ አሳየኝ» በሉት። ካላሳየ ዕቃ የለም። የሚነቀለው አሮጌ ዕቃ የኔ ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የዙሩን ጌጅ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ስትረከቡም እዛው ጓሮ ውስጥ ቁጥር አይታችሁ አትክፈሉ፣ ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ፣ መብራትና ኤሲ አብርታችሁ አጥፍታችሁ፣ ያኔ።

ያስገዙኝ ትሮትል እስካሁን መኪናዋ ላይ ነው፣ ደህና ይሰራል። የኔው ግን ተጥሏል የተባለው፣ ባለፈው ሌላ ነገር ልጠይቅ ብዬ ጎራ ስል መደርደሪያቸው ላይ አየሁት፣ ጎኑ ላይ የነበረችውን ጭረት አውቃታለሁ። ተወልውሎ «ያገለገለ ኦርጅናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።