«ፕሮቲኑ 80 በመቶ ነው» የሚሏችሁን የመኖ ዱቄት በወንፊት ሳትነፉ እንዳትገዙ

ጎንደር ውስጥ ዶሮ የምታረቡ፣ አዘዞም ሁኑ ማራኪ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ መኖ አትግዙ።

ለፋሲካ እንዲደርሱልኝ ጣይ ዶሮዎቼን ጥሩ ልመግብ ብዬ ነበር። የኑግ ፋጉሎ ዋጋው አልቀመስ ብሎኛል። አንድ ነጋዴ «እህቴ፣ ይሄ የዶሮ ተረፈ ምርት ዱቄት ነው። ፕሮቲኑ 80 በመቶ! ፋጉሎን እርሺው» አለኝ። ደረሰኝ የለ፣ ማዳበሪያው ላይ ጽሑፍ የለ። አምኜው ሁለት ማዳበሪያ በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። ፋጉሎውን ትቼ እሱን ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር ቀላቀልኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንቁላሉ ቀነሰ። ዶሮዎቹም ላባ መነቃቀል ጀመሩ። ጀርባቸው ተላልጦ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ዱቄቱን በወንፊት ብነፋው ከላይ የቀረው የላባ ዘንግ ነው። ጥሬ፣ በጣት ቢሹት የማይደቅ።

ነጋዴው በቁጥሩ ላይዋሽ ይችላል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። ላባ ላቦራቶሪ ሲገባ ፕሮቲኑ ከ80 በመቶ በላይ ይወጣል። ምርመራው ግን የሚለካው ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ነው፤ የዶሮዋ ሆድ ይፍጨው አይፍጨው አይነግራችሁም። የላባ ፕሮቲን ኬራቲን ነው፣ እንደ ጥፍራችንና ፀጉራችን። በከፍተኛ ግፊት በእንፋሎት ካልተቀቀለ ብዙው እንዳለ ተመልሶ ይወጣል። ቢቀቀልም ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉት፣ ለዶሮ የግድ የሚያስፈልጉ የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። ስለዚህ በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ፋጉሎን ጠቅልሎ አይተካም።

ከሥጋ፣ ከአጥንትና ከሆድ ዕቃ በደንብ በስሎ የሚዘጋጀው ዱቄት ሌላ ነው። ፕሮቲኑ 60 በመቶ ገደማ ቢሆንም ይፈጫል። ለአሳማ ጥሩ መኖ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 እ.ኤ.አ. ለአሳማ ፈቅዶታል፤ የዶሮን ተረፈ ምርት መልሶ ለዶሮ ማብላት ግን አልፈቀደም። ያልበሰለ ሲሆን ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ታሞ የሞተ ዶሮ ከተፈጨበት ደግሞ በሽታውን ገዝታችሁ ቤት አስገባችሁት ማለት ነው።

ብር ሳትከፍሉ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ንፉት። ከዶሮው የትኛው ክፍል እንደተፈጨ፣ እንዴት እንደበሰለ ጠይቁ። ከተንተባተበ ጥላችሁ ሂዱ።

እኔ ልመልስለት ብሄድ «ከተከፈተ አልቀበልም» አለኝ። የቀረውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ወደ ፋጉሎዬም ተመለስኩ። እንቁላሉ መስተካከል የጀመረው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው።