ከማራቶን ወደ 10 ኪሎ ሜትር የመለሰኝ ጫማ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

የግራውን ጫማ ገልብጬ ሳየው ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ጥቁር ጎማ አልቆ ነጩ ስፖንጅ ብቅ ብሏል። የቀኙ ገና ነው። እህቴ በየካቲት ከዋሽንግተን ስትመጣ ያመጣችልኝ ይህ ቀላል የውድድር ጫማ እስከ ኅዳር መጨረሻ 410 ኪሎ ሜትር ሮጬበታለሁ። እያንዳንዱን ልምምድ በደብተር ስለምመዘግብ ቁጥሩ ግምት አይደለም።

የፈለግኩት እግሬ ፍጥነት ስለረሳ ነው። ሀዋሳ ላይ ማራቶን ለመሮጥ ስድስት ወር ስዘጋጅ፣ እሑድ እሑድ በሰንዳፋ መንገድ 28 እና 32 ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ፣ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ መሄድን ብቻ ለመድኩ። ማራቶኑን ጨርሼ ሦስት ሳምንት ካረፍኩ በኋላ 10 ኪሎ ሜትር ብሞክር 53 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከማራቶን ዝግጅቱ በፊት በ49 ደቂቃ እጨርስ ነበር። ትንፋሼ አልከዳኝም፤ ከጎኔ ሰው ቢኖር እያወራሁ የምሮጥ ያህል ነበር። አልፈጥን ያለው እግሬ ነው።

ለማራቶን የተለማመድኩበት ጫማ ወፍራም ነው። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የሚፈቅደው የሶል ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውለታውን አልክድም፤ እሑድ 30 ኪሎ ሜትር ሮጬ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንዳስተምር ያስቻለኝ እርሱ ነው። 400 ሜትር እየደጋገምኩ ለመሮጥ ስሞክር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ እግሬ ስፖንጁ ውስጥ ሰምጦ እስኪመለስ የምጠብቅ ይመስለኛል። አዲሱ ቀጭን ነው፤ ውስጡም የካርቦን ሳህን፣ ማለትም በብዙ የውድድር ጫማዎች ሶል ውስጥ የሚገባው ስስና ጠንካራ ዝርግ፣ የለውም። በሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው አንዱ 165 ግራም፣ የማራቶኑ ደግሞ 240 ግራም መዘነ።

የመጀመሪያው ወር አሳመመኝ። ዝቅ ያለ ጫማ ተረከዝን ወደ መሬት ስለሚያወርድ የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት የሚሸከሙት ጫና ይጨምራል። ይህንን እያወቅኩ በሁለተኛው ሳምንት የእንጦጦን ዳገት በእርሱ ወጣሁ፤ ለሁለት ቀን ደረጃ የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነው። ጃንሜዳ ማለዳ ማለዳ የሚለማመዱ አንድ ጋሼ አካሄዴን አይተው አስቆሙኝ። ጫማውን በእጃቸው አጠፍ አደረጉና፣ “ልጄ፣ ይህንን ለስድስት ጊዜ መቶ ሜትር ብቻ አድርጊው፤ ማሟሟቂያውንም ሆነ ሌላውን በድሮው ጨርሺ” አሉኝ። እንዳሉት አደረግኩ። በሣሩ ላይ 100 ሜትር እያፈጠንኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ከዚያ ስምንት ጊዜ 400 ሜትር፣ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ አምስት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር። የባቴ ሕመም በሚያዝያ አጋማሽ ጠፍቶ አልተመለሰም።

የጫማው ትልቁ ጥቅም የገባኝ በእነዚያ 400 ሜትሮች ነው። መሬቱ ይሰማኛል፤ እግሬ ሲዝል ወዲያው አውቃለሁ፤ እርምጃዬ ያጥራል፣ ይፈጥናል። መጋቢት ላይ ዙሩን በ2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እጨርስ ነበር፤ ጥቅምት ላይ በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ብዙ የተወራው ስለ 138 ግራሙ ጫማዋ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው የ800 ሜትር ሯጭ እንደነበረችና ያንን ፍጥነት ከመም ይዛ እንደመጣች ነው። የእኔም ጫማ ፍጥነት አልሰጠኝም፤ ፍጥነት የምለማመድበት ምቹ መሣሪያ ሆነኝ።

ጉድለቶቹን ልናገር። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል፤ ሐምሌ ውስጥ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ በዘነበ ቀን አላደረግኩትም። የፊቱ ጠባብ ስለሆነ ትንሿ ጣቴ ላይ ውኃ ቋጥሮብኛል፤ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ መግዛት ነበረብኝ። ማሰሪያው ድርብ ካልታሰረ ይፈታል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የጎማው ነገር ነው፤ ሻካራው አስፋልታችን ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ በፍጥነት መሳሳት ጀመረ። የላይኛው መረቡ አንዲት ክር አልተፈታም፤ ታጥቦ ቤት ውስጥ በአንድ ሌሊት ይደርቃል።

በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ኅዳር ላይ ሮጬበታለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በሰው ብዛት ብቻ 8 ደቂቃ ስለወሰደብኝ የዚያን ቀን ሰዓት ለማነጻጸሪያ አላቀርብም። ከውድድሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማለዳ ላይ ብቻዬን የሮጥኩት 10 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ጨርሼ መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ማራቶን ጨርሶ ወደ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ለሚመለስ፣ አንድ ወር ለመታገሥም ለተዘጋጀ ሰው ይህንን ዓይነት ጫማ እመክራለሁ። የተረከዝ ጅማት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ይታከም፤ አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ያለውም ወፍራሙን ይግዛ። እኔ እህቴን ሌላ እንድትልክልኝ ጠይቄያታለሁ፤ ያው ጫማ፣ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ።