በጫጫ ዙሪያ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ የላም ማዳቀል አገልግሎት፦ የሁለት ዓመት ደንበኛ አስተያየት

ጫጫ ከተማ ዳር ሦስት ዲቃላ ላሞችና አንዲት ጊደር አሉኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሥራውን የሚሠራልኝ በሞተር ብስክሌት እየዞረ የሚያገለግል የግል ቴክኒሻን ሲሆን፣ ከአጎራባች ቀበሌዎች ደጋግመው ለሚጠይቁኝ አርቢዎች ያየሁትን በዝርዝር ማስፈር ወደድሁ።

በመጀመሪያ ያስደሰተኝ ሰዓት አክባሪነቱ ነው። የላም ድራት፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ በየ21 ቀኑ ገደማ የሚመጣና ከግማሽ ቀን ብዙም የማይዘልቅ በመሆኑ፣ ጠዋት የታየባት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ከእርሱ በፊት የማስጠራው ሌላ ባለሙያ ግን «ነገ እደርሳለሁ» እያለ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይመጣ ስለነበር፣ ቡሬ የምትባለው ላሜ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ሳትይዝ ቀረች። ሦስት ዙር 63 ቀን ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በተወደደበት ዘመን ባዶ ላም ሁለት ወር መቀለብ ምን ያህል እንደሚጎዳ የደረሰበት ያውቀዋል።

የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሚቀመጥ፣ የሥራው ዋናው ፈተና ዘሩ ከዚያ ወጥቶ ላሟ ማኅፀን እስኪደርስ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ውርጭ በጣለበት የጥቅምት ማለዳ በረቱ ደጃፍ ቆሜ ተመለከትሁት። በፔርሙዝ ያመጣውን ለብ ያለ ውኃ በቴርሞሜትር ለክቶ 36 ዲግሪ መሆኑን አሳየኝ፤ ስትሮውን፣ ማለትም ዘሩ የታሸገበትን ቀጭን ቱቦ፣ ከናይትሮጅኑ ኮንቴይነር በመቆንጠጫ ስቦ ወዲያው ውኃው ውስጥ ከተተው፤ ሰዓቱን እያየ ከጠበቀ በኋላ በንጹሕ ሶፍት አድርቆ፣ ጫፉን ቆርጦ ማዳቀያው ዘንግ ላይ ገጠመው። ከዚያም ዘንጉን ከጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወደ ቡሬ ሄደ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አንዴ የሞቀ ዘር መልሶ ብርድ ከመታው ይሞታል» አለኝ። የቀድሞው ባለሙያ ዘንጉን አጥር ላይ አስደግፎ ጓንቱን ያጠልቅ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቡሬ በዚያው ያዘች፤ ሐምሌ ላይም ወለደች።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ካርዱን ነው። ቀኑን፣ የላሟን መለያ፣ የኮርማውን ቁጥርና የውጭ ዝርያ ደሙን መጠን ይጽፍበታል። ካርድ የሌለው አርቢ ጊደሩን በገዛ አባቷ ዘር ሊያስዳቅል ይችላል። እኔም ቀድሞ የተወለደችብኝ ጊደር አባቷ ስላልተመዘገበ፣ ይህ ባለሙያ ጥርጣሬ ውስጥ ላለመግባት ሲል ከፍሪዢያን ይልቅ በሌላው የውጭ የወተት ላም ዝርያ፣ በጀርሲ አዳቀላት።

ለዚህች ጊደር የተጠቀምነው ሴት ጥጃ እንዲሰጥ ጾታው ተለይቶ የተዘጋጀ ዘር ነበር። ዋጋው ከመደበኛው ይበልጣል፤ ከመቶው ዘጠናው ያህል ሴት ጥጃ ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል። በአንድ ስትሮው ውስጥ ያለው የዘር ቁጥር ግን በጣም ያነሰ በመሆኑ የመያዝ ዕድሉ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህም ለጊደር እንጂ ለደከመች ላም አይመክረውም። ነሐሴ ተዳቅላ ግንቦት ላይ ሴት ወለደች። አንዲት ጎረቤቴ «ይህ ዘሩ የተቀየረ ነው ይባላል፤ ወተቱስ ይጠጣል ወይ?» ብለው አጥብቀው ጠየቁኝ፤ ጭንቀታቸውም የብዙ ሰው ነው። ይህ ዘረ መልን መቀየር አይደለም። ሴት የሚያስወልደው የዘር ህዋስ ከወንዱ 4 በመቶ ያህል የበለጠ ዲኤንኤ ስለሚይዝ፣ በዚያ ልዩነት በማሽን መለየት ብቻ ነው። ክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ህዋስ የራሱን ቅጂ ማስገኘት፣ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው በጓ ዶሊ ያለ አባት ዘር፣ ከአንዲት በግ የጡት ህዋስ፣ ከ277 ሙከራ በአንዱ ብቻ የተገኘች ናት። የእኛ ጥጃ ግን አባትና እናት ያላት ናት።

ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ናይትሮጅን ሲያልቅበት ቀናት ይጠፋል፤ ሁለት ጊዜ ድራት አሳልፎብኛል። አስቀድሞ ደውሎ ቢነግረኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። የእርግዝና ምርመራም ካልተጠየቀ አያደርግም። በዚህ ወር ጠይቄው ቡሬን መረመራትና መያዟን ካርዱ ላይ ጻፈልኝ፤ ለዚህም የተለየ ክፍያ አልጠየቀኝም።