ጥላ ሥር የተፈተነው የእጅ ጂፒኤሴ

ይህን መሣሪያ የያዝኩት ክረምቱ ሳይገባ ነው። አሁን የቡና ለቀማው እየተገባደደ ነው። ሥራዬ ጅማ ዙሪያ፣ ጎማና ማና ወረዳ እየዞርኩ የቡና ማሳ መለካት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚላከው ቡና የበቀለበት ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ መገለጽ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይፈለጋል። አሥር ሜትር መሳት ማለት ጎረቤት ማሳ ውስጥ መግባት ነው።

ሜዳ ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ዋንዛና ሰሳ ጥላ ሥር ስገባ ግን፣ በተለይ ቅጠሉ በዝናብ ከረጠበ፣ ነጥቡ ይዋዥቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ይልካሉ። ሞገዱ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መሣሪያው ሞገዱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያወጣል። የሦስት ሳተላይት ርቀት ቦታውን ይነግረዋል። አራተኛው ለሰዓት ነው። ሳተላይቱ የአቶሚክ ሰዓት አለው፤ መሣሪያዬ ውስጥ ያለው ግን ተራ ሰዓት ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ቢዛነፍ 300 ሜትር ያስታል፤ ይህን የሚያርመው አራተኛው ነው። ቅጠል ሞገዱን ያደክመዋል፤ ግንድና ቆርቆሮ ደግሞ አንጥረው ስለሚመልሱት መንገዱ ይረዝማል፣ ርቀቱም ይሳሳታል።

ስለዚህ የምከፍተው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሳተላይት ምሕዋሩን ተናግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ጥላ መሃል ከተቋረጠ ያመለጠው እስኪደገም መጠበቅ ነው። ማሳው ጥግ ላይ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ቆሜ አማካይ እወስዳለሁ። የምትገዙ ከሆነ የአሜሪካውን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስና የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ሳተላይቶችም የሚቀበለውን ምረጡ። ደን ውስጥ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ «ልጄ፣ ይሄ ነገር መሬቴን ለሰማዩ ይናገራል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ አባቴ፣ እንደ ሬዲዮ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። መሬትዎን ለሌላ የምናሳውቀው እኛ ነን፣ መዝገብ ላይ ስናሰፍረው» አልኳቸው። ይህን ለእያንዳንዱ ባለማሳ ሳልነግር መለካት አልጀምርም።

የባትሪ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ይበቃኛል። ቁልፎቹ በጭቃ እጅ ያስቸግራሉ። ከፍታ ላይ ግን አልመካበትም፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራሳችን በላይ እንጂ ከእግራችን በታች የሉምና የሽቅብ ቁልቁሉ ስህተት ከጎኑ ይበልጣል። ገዢዎች የማሳውን ከፍታ ሲጠይቁኝ «ገደማ» የምትለዋን ጨምሬ ነው የምሰጣቸው።