ግራንት ውድና አንድሩ ዋይዝ፦ የትውልድ ቀዬን የመሣል ሁለት መንገዶች
በ1891 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ውስጥ በአናሞሳ አቅራቢያ የተወለደው ሠዓሊ ግራንት ውድ ቀዬውን ያስተዋለው ርቆ ሄዶ በመመለስ ነው ማለት ይቻላል። በ1920ዎቹ ወደ አውሮፓ ተመላልሶ፣ በ1928 ሙኒክ ውስጥ የጥንቶቹን የሰሜን አውሮፓ ሠዓሊያን ጥርት ያለ አሣሣል ካየ በኋላ ፊቱን ወደ አዮዋ ገበሬዎች መለሰ፤ በ1930ም እህቱንና የጥርስ ሐኪሙን ለየብቻ አቁሞ «አሜሪካን ጎቲክ»ን ሣለ።

አንድሩ ዋይዝ ግን መራቅ አላስፈለገውም። በ1917 በፔንሲልቬንያዋ ቻድስ ፎርድ ተወልዶ፣ የመጻሕፍት ሠዓሊ ከነበረው አባቱ ሙያውን ተምሮ፣ ዕድሜውን በዚያችው መንደርና በጋውን በሚያሳልፍበት በሜይን ጠረፍ መካከል ፈጀ። በ1945 አባቱ በባቡር አደጋ ከሞተ በኋላ ሥራዎቹ ይበልጥ ጨለም ያሉና ዝምታ የሰፈነባቸው ሆኑ። በ1948 በሠራው «የክርስቲና ዓለም» መራመድ የተሳናት ጎረቤቱ ከደረቀ ሣር መካከል ሆና ሩቅ ያለውን ቤቷን ትመለከታለች፤ የሚገርመው ለአካሏ አምሳያ ሆና የተቀመጠችው የሠዓሊው ሚስት መሆኗ ነው። ሣሩ በእንቁላል አስኳል በተበጠበጠ ቀለም አንድ በአንድ ተሥሏል።

የውድ ኮረብታዎች እጅግ ከመለስለሳቸው የተነሣ መጫወቻ ይመስላሉ፤ ስለዚህ የገጠርን እውነተኛ ገጽታ ለሚሻ ተመልካች ዋይዝን አስቀድማለሁ፣ ምንም እንኳ ስውር ፌዝን በተመለከተ ውድን የሚስተካከለው ባይሆንም። ውድ 51 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው በ1942 ሲያርፍ፣ ዋይዝ እስከ 91 ዓመቱ፣ እስከ 2009 ኖሯል።