ፖርሽ ቦክስተር ከመግዛት በፊት የሞተር ምርመራ፦ 350 ዶላር ሊከፈልበት ይገባል?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚገኝ አንድ የጀርመን መኪናዎች ጋራዥ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሞተሩን ይመረምራል። ዋጋው 350 ዶላር ነው። ተወደደ የሚል ካለ የፖርሽ ሞተር አውርዶ ማሠራት ስንት እንደሆነ እዚያው ይጠይቅ።

እኔ ያስመረመርኩት የ2003 ሞዴል ቦክስተር ኤስ ነው፤ ባለ 3.2 ሊትር፣ ቀለሙ ገና የሚያበራ። የዚህ ሞተር ነገር የታወቀ ነው። ከዋናው ዘንግ በሰንሰለት ኃይል ተቀብሎ ቫልቮቹን ወደሚከፍቱት ዘንጎች የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለው፤ ይህን ዘንግ በአንድ ጫፉ የያዘው ኩሽኔታ ግሪሱ ታሽጎበት የተሠራ ነው። ማሸጊያው ሲያረጅ ግሪሱ በሞተር ዘይት ይታጠብና ኩሽኔታው መበላት ይጀምራል። ሲሰበር ሰንሰለቱ ቦታውን ይስታል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የ2001–2005 ሞዴል ባለቤቶች አሜሪካ ውስጥ ፖርሽን በጋራ ከሰው ጉዳዩ በስምምነት አልቋል፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው ከዚያ የሚደርሰው ነገር የለም።

የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ እንደ ማር የጠራ ነበር። ሻጩ በኩራት አየኝ። ሊሸጥ በተዘጋጀ መኪና ላይ አዲስ ዘይት ማየት ግን እኔን አያስደስተኝም፤ የቀድሞው ዘይት የያዘውን ሁሉ ይዞ ሄዷልና። ፊልትሮውም አዲስ ነበር። መካኒኩ፣ በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሰው፣ ስለ ዘይቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ የሞተሩን የታችኛውን ሽፋን ለማውረድ ፈቃድ ጠየቁ። ሻጩ ካንገራገረ በኋላ ተስማማ።

ከሽፋኑ ጥግ ላይ የሚያብለጨልጭ ስንጥርጥር ብረትና ጥቂት ጥቁር ፍርፋሪ ተገኘ። ማግኔት ሲጠጋው ብረቱ ተለጠፈ። አሉሚኒየም ቢሆን አይለጠፍም ነበር፤ ከተበላ ኩሽኔታ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሻጩ ወዲያው 2,000 ዶላር ልቀንስ አለ፤ ኩሽኔታው ፍሪሲዮን ሲቀየር አብሮ ይቀየራል ሲል አባበለኝ። እውነት ነው፣ ካምቢዮው ከወረደ በዚያ በኩል ይደረስበታል።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታውን ብቻ ብንቀይረውስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብረቱ ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ዞሮታል። ፊልትሮ ሲታፈን መተላለፊያው ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ዋናው ዘንግ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ሳይታዩ አዲስ ኩሽኔታ ብታስገባ ገንዘብህን መጣልህ ነው።»

መኪናውን ተውኩት።

ቅሬታዬ የሚሰጡት ወረቀት ላይ ነው። «ብረት ተገኝቷል» ከሚል አንድ መስመር በስተቀር ፎቶግራፍ እንኳ የለውም፤ ያነሳሁት በራሴ ስልክ ነው። ለዚህ ክፍያ ይህ አይመጥንም። በሌላ በኩል አያጋንኑም፦ ሽፋኑ ንጹህ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኩሽኔታው ደህና ነው ብለው እንደማይፈርሙ በግልጽ ነገሩኝ። ተቀይሯል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የዕቃው ዓይነትና የተነዳው ማይል የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁት። በ2006–2008 ሞዴሎች ላይ ያለው ኩሽኔታ ተለቅ ያለ ነው፤ ግን ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። ከ2009 ወዲህ ባሉት ይህ ዘንግ ራሱ የለም።

ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው። የታችኛው ሽፋን እንዲወርድ ስትደውሉ ተናገሩ፤ ተጨማሪ 80 ዶላር ያስከፍላል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ሰክተውና ፊልትሮ አይተው ነው የሚያሰናብቷችሁ።