ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል በኮሮላ ዲኤክስ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል ክፍል ነው፤ ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው ዓይነት ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን በባዶ እንዳይሽከረከር ይገድባል። ከመስከረም ወዲህ በኮሮላ ዲኤክሴ ላይ የምጠቀምበት ባለ ፍሪሲዮን (በሚፋተጉ ዲስኮች የሚሠራ) ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ያገለገለ ሲሆን፣ ከነኋላ አክስሉ ተገዝቶ እዚሁ ጎንደር የተገጠመ ነው። መኪናዋ በኋላ ጎማ የምትሄድና ቀላል ናት፤ ጉልበቷ ግን ውስን ከመሆኑም በላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው ከተማችን አየሩ ስለሚሳሳ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመታጠፊያ ስትወጣ የምታባክነው ጉልበት የላትም።

መደበኛው ዲፈረንሻል ኃይሉን ለሁለቱም ጎማዎች እኩል ስለሚያካፍል፣ መኪናዋ ታጥፋ ክብደቷ ወደ ውጭ ሲያጋድል የውጪው ጎማ የሚያገኘው በቀለለው የውስጥ ጎማ አቅም ልክ ብቻ ነው። አዘዞ አካባቢ ባለቤቱ በፈቀደልን ሰፊ ግቢ፣ ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖችን በኮን ፋንታ ደርድረን በሁለተኛ ማርሽ ስንዞር፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር የውስጡ ጎማ ጠጠር እየበተነ በባዶ ይሽከረከር ነበር። በሊሚትድ ስሊፑ ግን የፍሪሲዮን ዲስኮቹ ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያያይዙ፣ ኃይሉ ቀስ ብሎ ወደሚዞረውና መሬት ወደ ያዘው የውጪ ጎማ ይሻገራል፤ የእሱ ግፊትም የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ያዞረዋል።

ይህን ጥቅም የሚያገኘው ግን እግሩን የሚቆጣጠር ሰው ነው። ገና ሲገባ ነዳጅ ከተረገጠ የተያያዙት የኋላ ጎማዎች በእኩል ፍጥነት መዞር ስለሚፈልጉ፣ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናዋ ቀጥ ብላ ትገፋለች። መሃል ላይ በድንገት ከተለቀቀ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ ኋላዋ ይቀላል። ሲወጣ ከልክ በላይ ከተረገጠ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች አብረው መሬት ይለቃሉ፤ ቀድሞ አንዱ ብቻ ይሽከረከር ስለነበር የውጪው ኋላዋን ይይዝላት ነበር፣ አሁን የሚይዛት የለም። እኔ ፍሬኑን ቀጥታው ላይ ጨርሼ፣ ጀሪካኑን ሳልፍ መሪውን በፈታሁት ልክ ነዳጁን እጨምራለሁ፤ በዚህ አያያዝ መኪናዋ ሳትወላውል ትወጣለች።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ፒያሳ ላይ ለማቆም መሪው እስከ ጥጉ ሲዞር ከኋላ ስለሚያንቋርርና ስለሚንገጫገጭ፣ የሰማ ሁሉ ዲፈረንሻሉ አልቋል ይላል። ተራ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ሲሞላበት ጩኸቱ ይብሳል፤ ለዚህ ዓይነት የተዘጋጀውን ዘይት ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። በክረምት በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ዳገት ሳይቸገር ይወጣል፣ ነገር ግን ኋላውን ወደ ጎን ይስባል። ለታክሲ ወይም ለቤት መኪና አልመክረውም፤ በጀሪካን መካከል ለሚዞርም ቢሆን ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ አስቀድሞ አራት ጥሩ ጎማ ይግዛ።